የሐሙስ አረማመዱ

አንዲት የጋውን ቁልፍ ለመትከል ስንት ቀን ይፈጃል? እጁ የፈጠነ ልብስ ሰፊ ወሬ እያወራ በሦስት ደቂቃ ይገላገለዋል። ባለፈው ሳምንት የተለየናት ሴት ግን ጋውኗን ከላከች ድፍን አምስት ቀን ሆኗት ነበር። እስከዚያው ከባልደረባዋ በተዋሰችው፣ እጅጌው ክርኗ ላይ በሚቀር ጋውን እየሠራች፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ድው ይል ነበር። ቁልፉማ ሰበብ ነው። በጋውኑ ኪስ ውስጥ ደብዳቤ ነበረ።

ዛሬ ገና ለምትቀላቀሉን ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ይህች ሴት ሆስፒታል ውስጥ ሰውን እንደገና መራመድ የምታስተምር ባለሙያ ናት። አጥንቱ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ግማሽ አካሉ የሰነፈ፣ ከረጅም ሕመም የተነሣ ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ እሷም ሁለቱን የብረት ዘንጎች አስይዛ "ቀስ! ቀስ ይበሉ!" እያለች ታስኬደዋለች። በሽተኞቿ "እሜት ቀስ-በሉ" የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ እንደማታውቅ ትሆናለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ስታይ ኖራ፣ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በአረማመዱ የምትለይ ሆናለች። ኮሪደር ላይ ጀርባ አይታ "እኚህን ሰውዬ የግራ ዳሌያቸውን ያማቸዋል" ካለች፣ ያማቸዋል። ተሳስታ አታውቅም። ይህንንም ራሷ ደጋግማ ትናገራለች፤ ጉዷ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

እሱ ልብስ ሰፊ ነው። ከሆስፒታሉ አደባባይ ማዶ፣ ከፋርማሲው በላይ ባለች አንድ ክፍል ከታላቅ እህቱ ጋር ይሠራል። ከስድስት ወር በፊት የሟች አባቷን ካፖርት በራሷ ልክ ልታስጠብብ ሄደች። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ፣ ጣቱን ግን ሳያስነካት፣ ቁጥሩን ለራሱ በሹክሹክታ እየነገረ ለካት። ካፖርቱን በተቀበለች ቀን በውስጥ ኪሱ አንዲት ወረቀት አገኘች። "የአባትዎ ትከሻ ሰፊ ነበር። ቆርጬ አልጣልኩትም፤ ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ" ይላል። መንገድ ላይ ቆማ አነባች። በማግስቱ ምንም ያልሆነ ቀሚስ ይዛ ተመለሰች፤ በኪሱ መልስ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ፍቅራቸው በኪስ ተመላለሰ። ልብሱን እህቱ ታደርሳለች፣ እህቱ ትወስዳለች። ስልክ አይወድም፤ "በስልክ የተባለ ነገር ስፌት የለውም፣ ወዲያው ይተረተራል" ይላል። "እርስዎ" ብሎ የጀመረው ሰው በሁለተኛው ወር "አንቺ" አላት። በሦስተኛው ወር "አንቺ ልጅ" አላት። በአራተኛው ወር የጻፈውን ለእናንተ አልነግራችሁም።

እናቷ ደግሞ ዳኛ ናቸው። የሰሙ ዕለት መነጽራቸውን አውልቀው፣ "አንድ ልጄን ለመርፌና ለክር አልሰጥም" ብለው መልሰው አደረጉት። ነገሩ እዚያ ላይ ቆሞ ሳለ ነው ሌላ መዘዝ የመጣው።

ሐሙስ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ በሕክምና ክፍሏ መስኮት ቁልቁል ስታይ ልብስ ሰፊው አደባባዩን ሲሻገር አየችው። ከሁለተኛ ፎቅ ጫማ አይታይም፤ አረማመድ ግን ፍንትው ብሎ ይታያል። ይህ በሱቁ የምታውቀው፣ ጎበጥ ብሎ እግሩን እየጎተተ የሚሄደው ሰው አልነበረም። እርምጃው አጥሯል። ተረከዙ መሬት ላይ አያርፍም። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት፣ ጣቶቹ ላይ ነው። ወገቡ ሰርጎድ ብሏል። ደነገጠች። በሚቀጥለው ሐሙስም እንደዚያው አየችው። መጽሐፎቿን አወረደች፣ ጅማት አለች፣ ነርቭ አለች፣ እንቅልፏን አጣች። ሰውን ማከም የለመደ ሰው ሲያፈቅር እንዲህ ነው፤ የሚወደውን ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው የሚያጣበት መንገድ ነው።

እናም ጻፈችለት። "ሐሙስ ሐሙስ እንዴት እንደምትራመድ አይቻለሁ። ተረከዝህ መሬት አይነካም። ከእኔ ልትደብቀው አትችልም፤ ሥራዬ ነው። ብዙ ሰው ይህ ነገር ይዞት ያፍራል። አትፈር። የሚድን ነገር ነው። እኔ ዘንድ ና፣ ማንም ሳያውቅ አድንሃለሁ።" እያንዳንዱን ቃል በፍቅር ነበር የመረጠችው። መልሱ ሲዘገይ ግን ከፍቅሯ ፍርሃቷ በለጠ።

* * *

ጋውኑ በስድስተኛው ቀን መጣ። እህትየው ሳይሆኑ የፋርማሲው ዘበኛ ነበር ያመጣው። ቁልፉ ተተክሏል፤ በኪሱ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አለ። በሽተኛዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አነበበችው።

"ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዓይንዎ እንደማይስት ሰምቼ ነበር፤ አልሳተም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ነው። ሐኪም አላማከርኩም፤ ወደፊትም አላማክርም። ሌሎች ሰዎች ቢያውቁት ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ከእርስዎ ግን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። እርስዎ ዘንድ መጥቼ ከምድን ይዤው ብቻዬን ብኖር ይሻለኛል። ሁለተኛ ወደ ሱቁ እንዳይመጡ።"

ከሁሉ ያቺ "እርስዎ" አንጀቷን ቆረጠቻት። ስድስት ወር ሙሉ በጥንቃቄ የተሰፋ ነገር በአንድ ቃል ተተረተረ። የቀረውን እንደ ሐኪም አነበበችው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ሳይታከም የቆየ ሕመም፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው፣ ሸክም ላለመሆን የሚሸሽ ኩሩ ወንድ። እንዲህ ነው የገባት። እንዲህ ሲገባት ደግሞ ይበልጥ ወደደችው።

ማታ ራት ላይ ሹካዋን ይዛ ምግቡን ስታንከራትት እናቷ ከፋይላቸው ቀና አሉ።

"ዓይንሽን ምን ነካው?"

"ጉንፋን ነው እማዬ።"

"ጉንፋን ዓይን አያሳብጥም። ሠላሳ ዓመት የሚዋሽ ሰው ፊት እያየሁ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እኔን አትሞክሪኝ።"

ነገረቻቸው። የማይድን ሕመም ሳይኖርበት አይቀርም አለች። ዳኛዋ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልብስ ሰፊነቱ አልበቃ ብሎ ሊሉ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ፋይሉን ዘጉ።

"አባትሽን ሰባት ዓመት አስታምሜአለሁ" አሉ። "አንቺ ያኔ ትንሽ ነበርሽ፣ ብዙውን አላየሽም። ፍቅር አልጎደለኝም። ያለቀው ጀርባዬ ነው። እሱን አንሥቼ ገላውን ሳጥብ፣ አንሥቼ ሳስተኛ፣ ማታ ማታ ለብቻዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጮህ ነበር። ለአንቺ ያንን አልመኝልሽም። ልብስ ሰፊ መሆኑን እንኳ ልውጠው እችል ነበር።"

እናቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። እጃቸውን ያዘች።

"እማዬ፣ ከታመመም የእኔ በሽተኛ ነው።"

ዳኛዋ የዘጉትን ፋይል ወደ ጎን ገፉት። "እንግዲያው ሄደሽ እይው" አሉ በመጨረሻ። "በደብዳቤ ብቻ ታሟል ተብሎ የተፈረደበት ሰው እኔ አላውቅም። ከዚያ እሁድ ይምጣና እኔም ልየው። ልየው ነው ያልኩሽ፣ እሺ አላልኩም!" እሷ ግን የእናቷን እጅ እንደያዘች፣ ፈርታና ተጽናንታ አመሸች።

* * *

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሁለት በሽተኞች ለባልደረባዋ አሳልፋ፣ አደባባዩን ተሻግራ፣ የፋርማሲውን ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። እሱ የለም። እህቱ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው የኮት ገበር እያያያዙ ነበር። ሲያዩዋት ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው የመርፌ ትራሱ ላይ ሰኩ።

"እንዳትመጪ ብሎ አልጻፈልሽም?"

"ጽፎልኛል፣ እትዬ። እኔ ግን መጣሁ። እባክዎን ይንገሩኝ፣ ወንድምዎ ሕመሙ ምን ያህል ጠንቶበታል?"

"የምን ሕመም?"

"እሱ ራሱ አምኗል። ይኸው።"

ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ግንባራቸው ተቋጠረ። "አንቺስ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት? እኔ አላየሁትም። አንብቦ በመቀስ ሲቆራርጠው ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ስድስት ቀን ሙሉ ሰው አላናገረም።"

በቃሏ ነበር የምታውቀው፣ አነበነበችላቸው። "ተረከዝህ መሬት አይነካም" ስትል የእህትየው ዓይን ሰፋ። "ብዙ ሰው ይህ ነገር ይዞት ያፍራል" ስትል ደረታቸውን ያዙ። "የሚድን ነገር ነው" ስትል መጀመሪያ ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር፤ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና ወንበራቸው ላይ ዝርፍጥ አሉ።

"ወይኔ ወንድሜን!" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ በሽታ መስሎሽ ነው?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እሱን ከእኔ አትሰሚም። አሥራ አራት ዓመት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ ለአንቺም አይወጣም።" ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። "ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ረጅሙን ደረጃ ታውቂው የለ? ታች ጋዜጣ የሚሸጥበት ጋ ቁሚ። አሁን ይወርዳል። አትጥሪው፤ ዝም ብለሽ እይው። ደግሞ አደራሽን፣ እንደ ሐኪም አትይው።"

እሺ ብላ ወጣች። መውጣት ወጣች እንጂ እንደ ሐኪም አለማየት እንዴት እንደሚቻል አታውቅም ነበር፤ ፍርሃት ፍርሃት አላት።

* * *

ደረጃው ሰማንያ ምናምን መርገጫ አለው። ላይኛውን ሰፈር ከታችኛው የሚያገናኝ፣ በመሐሉ ሁለት ማረፊያ፣ በጎኑ የብረት መደገፊያ ያለው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው። በዚያ ሰዓት ግርግር ነው፤ ዘንቢል የያዙ ሴቶች፣ ፋይል ያቀፉ ጸሐፊዎች፣ ካባ የደረቡ ጠበቆች፣ እየተሳሳቁ የሚወጡ ሁለት ፖሊሶች። ከጋዜጣ ሻጩ አጠገብ ቆማ ሽቅብ አየች።

ልብስ ሰፊው ከላይ ብቅ አለ።

ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ሱሪው ልክ መሬት ሊነካ ሲል የሚያበቃ፣ ከጉልበት በታች ሰፋ ብሎ የተቆረጠ ነው። አደራውን ረስታ ወዲያው እንደ ሐኪም አየችው። ደረጃ መውረድ ከመውጣት እንደሚከብድ ለበሽተኞቿ ስንቴ ነግራለች፤ ሲወጡ ጉልበት ይሠራል፣ ሲወርዱ ግን ሰውነት ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግር ላይ ጥሎ ሌላውን ወደማያየው ነገር ይልካል። ጅማቱ ያጠረ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ በመጀመሪያው እርምጃ ጉልበቱ ይከዳዋል ብላ ትንፋሿን ያዘች።

አልከዳውም። በሁለተኛውም አልከዳውም። በአሥረኛው ላይ ፀሐይ ከጎን መታችውና፣ እግሩ ሲወርድ የሱሪው ጫፍ ለአንድ አፍታ ከፍ አለ፤ ከሥሩ ጥቁር፣ ቀጭን፣ የመሐል ጣት የሚያክል ታኮ ታየ።

ዓይኗ ያየውን አእምሮዋ አልቀበል አለ። እንደገና ጠበቀች። በሚቀጥለውም እርምጃ ያው ነው፤ አፍንጫው ሹል የሆነ፣ ጥርት ያለ፣ ባለ ረጅም ታኮ የሴት ጫማ። ያኔ ዘጠኝ ዓመት የተማመነችበት ዕውቀት በአንድ ጊዜ ተናደ። ያጠረ ጅማት የለም። የተጎዳ ነርቭ የለም። ሕመም የሚባል ነገር የለም።

ምን ልትል ነበር? መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፣ አልሳቀችም። ልትቆጣም ነበር፣ ቁጣው አልመጣም። በምትኩ የመጣው ነገር ስም አልነበረውም፤ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እግር የምታውቅ ሴት ናትና ምን እያየች እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የገባት ለእሷ ብቻ ነው። ያ ሰው ሙሉ ክብደቱን ከአንድ ቁልፍ በማትሰፋ ነገር ላይ እየጫነ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሳይወላገድ፣ መደገፊያ ሳይዝ፣ ወደ እግሩ ሳያይ ይወርዳል። ታኮው ድምፅ የለውም፤ ከሥሩ ጎማ ቆርጦ ለጥፎበታል። በሽተኞቿ ሁለት የብረት ዘንግ ይዘው በወር የማይደርሱበትን እርምጃ እሱ በሰው ግርግር መሐል እንደ ዋዛ ይደረድረዋል። ሴቶቹ አለፉት፣ ጠበቆቹ አለፉት፣ ፖሊሶቹ ትከሻውን ታክከው አለፉ። አንድም ሰው ወደ ታች አላየም።

ፊቱስ? ሱቅ ውስጥ አገጩ ደረቱ ላይ ነው፤ ዓይኑ ከመርፌ አይነቀልም። እዚህ አንገቱ ተቃንቷል፣ ዓይኑ ሩቅ ያያል። ደስ ብሎታል። ይህን ያህል ደስ ብሎት አይታው አታውቅም፤ ቅናት ቢጤ ወጋ አደረጋት።

ሁለተኛው ማረፊያ ጋ ሲደርስ ከፊቱ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ከዘራቸው ድንጋዩ ላይ ተንሸራተተና ወደ ፊት ተንደረደሩ። "ቀስ!" ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ርቀት ማንም ላይሰማት። ልብስ ሰፊው ግን አንድ እርምጃ ዘሎ፣ በአንድ እግሩ፣ በዚያች ቀጭን ታኮ ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌውን በብብታቸው ሥር ይዞ አስቀራቸው። እንደዚያው ለአፍታ ቆየ፤ የሁለት ሰው ክብደት በአንድ ታኮ ላይ። አልተነቃነቀም። ሱሪው ወደ ላይ ተሰብስቦ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ታየ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ሊያነሡ ሲያጎነብሱ አዩት። ከጫማው ወደ ፊቱ፣ ከፊቱ ወደ ጫማው በዓይናቸው ተመላለሱ።

"እግርህን ያጽናልህ ልጄ" ብለውት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እሱ ሱሪውን አስተካክሎ ቀና ሲል ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ደስታው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየችው። ያኔ ነው ደብዳቤዋ ቃል በቃል የመጣባት፤ አትፈር፣ የሚድን ነገር ነው፣ አድንሃለሁ። ይህን ነበር የጻፈችለት። ይህን፣ እንዲህ ለሚወርድ ሰው! መሬት ተከፍታ በዋጠቻት ደስ ባላት።

* * *

ልትሮጥ አሰበች፤ እግሯ ግን ሽቅብ ይዟት ወጣ። እሱም አልሸሸም። የብረቱን መደገፊያ በስተጀርባው አድርጎ ጠበቃት።

"መጡ" አላት።

"እርስዎ አትበለኝ።"

"ሐኪም የሚጠራው እንደዚያ ነው። ሊያክሙኝ መጡ?"

"ጅማትህ ያጠረ መስሎኝ ነው!" አለች።

"ምኔ?"

"የባትህ ጅማት። ተረከዝህ መሬት አልነካ ሲል ነርቭህ የሞተ መሰለኝ። ሦስት መጽሐፍ አገላበጥኩ። በሁለት ዓመት ክራንች ትይዛለህ፣ በአምስት ዓመት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ ብዬ አለቀስኩ። ወንበርህ እንዲያልፍ በሐሳቤ የቤታችንን በር ሁሉ አሰፋሁ!"

"የማንን ቤት?"

"የእኛን ነዋ! ገና የሌለንን!"

አፍጥጦ አያት። "አላወቅሽም ነበር?" አለ ቀስ ብሎ። አንቺ ማለቱን ራሱም ልብ አላለውም። "እኔ እኮ አየችኝ፣ ተጸየፈችኝ፣ ልታድነኝ ፈለገች ብዬ ነው ያን ሁሉ የጻፍኩት።"

"ስለ ጅማት ነው የጻፍኩልህ! ጅማት!"

ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫው ወጣ፣ ከዚያ ትከሻውን አናወጠው። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። አንድ ጠበቃ ዞር ብሎ አያቸውና የተጣሉ ባልና ሚስት መስለውት አለፈ። ሳቁ ሲበርድ እሷ የሚከተለውን ፈርታ ቶሎ ብላ ተናገረች።

"ለሥራ ነው አይደል? ሱሪ በታኮ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ለማየት። ለሴት ደንበኞችህ።"

እዚህ ላይ "አዎ" ቢላት ነገሩ ያበቃ ነበር። ለእናት የሚነገር፣ ለሰው የሚነገር፣ ቆንጆና የተከበረ ምክንያት አቀብላዋለች። እሱም ለአፍታ አየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ለእትዬም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኳት" አለ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጌታዬ ሱሪ ልትለካ የመጣች ሴት ትታ የሄደችውን ጫማ አሳየኝና፣ አድርገውና ጠርዙ የት እንደሚወድቅ ልይ አለኝ። አደረግኩት። ስቆም... እንዴት ልበልሽ፣ ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚኖር ሰው ነው። እስከዚያ ቀን ጎንብሼ መኖሬን አላወቅኩም ነበር። ያን ቀን ለሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለሥራ አይደለም። ስለምወደው ነው። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ወደ ጫማው አየች፤ እሱም ቀጠለ።

"ወንድ ነኝ። ከዚህ ሌላ ልሁን አላልኩም። በሳምንት አንድ ቀን ግን እንዲህ ሆኜ መንገድ መሄድ እወዳለሁ። ማንንም አልነካሁም። አሥራ አራት ዓመት አፍሬበታለሁ፤ አፍሬም አልለቀቀኝም። አሁን ተው ብትዪኝ እሺ እላለሁ፣ ስለምወድሽ። ከዚያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ስዋሽሽ እኖራለሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ንገሪኝ። እኔን ከወሰድሽ ይሄም አብሮ ይገባል።"

እናቷን አሰበች። የሆስፒታሉን ኮሪደርና ሹክሹክታውን አሰበች። አንድ ቀን አንድ ሰው ወደ ታች ያይና ይስቃል፤ ያ ሳቅ ለእሷም ይተርፋል። ሁሉንም አሰበችው፣ አልዘለለችውም።

"ፈርቻለሁ" አለችው።

"እኔም።"

"እናቴ እሁድ ልታይህ ትፈልጋለች።"

"በየትኛው ጫማ ልምጣ?"

"አላውቅም" አለች በሐቅ። "ይህን ዛሬ ልመልስልህ አልችልም። ግን ትመጣለህ። ደግሞ ስማኝ፤ ይህን የምለው በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነውና እንዳታቋርጠኝ። ተሳስቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሰው አረማመድ አይቻለሁ፤ እንዳንተ የሚቆም ሰው አላየሁም። እኔ ላድንህ ነበር! አንተን! ያንን ወረቀት ቅደደው።"

"በመቀስ ቆራርጬዋለሁ።"

"እሰይ!" አለችና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አሁን ውጣና እንደገና ውረድ።"

"ለምን?"

"ቅድም ያየሁህ እየፈራሁልህ ነው። አሁን ልይህ።"

ቀለሙ ተለወጠ። አሥራ አራት ዓመት የተካነው በመራመድ ብቻ አይደለም፤ ባለመታየትም ነው። "ሰው እያየኝ አልችልም" አለ።

"ሰው አይደለሁም። እኔ ነኝ።"

ጀርባውን ሰጥቷት ሽቅብ ወጣ፤ በሰው መሐል፣ እስከ ላይኛው ጫፍ። እዚያ ዞሮ ቆመ። ከሩቅ እጁ ሲያመነታ አየች፤ የማይዘውን የብረት መደገፊያ ያዘ። በመጀመሪያው እርምጃ ቁርጭምጭሚቱ ተንቀጠቀጠ። የእሷም እጆች በለመዱት ልማድ ሊደግፉት ተነሡ፤ ወደ ኋላዋ አድርጋ ቆለፈቻቸው። ሁለተኛው እርምጃ፣ ሦስተኛው። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፣ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። አሥረኛው ላይ ትንፋሹ ተስተካከለ። ሃያኛው ላይ መደገፊያውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሰው የሚደብቀውን ነገር ለሚወደው ሰው ይዞለት ሲመጣ እንዴት እንደሚራመድ፣ ያየ ያውቀዋል። እሷ መቁጠር አቆመች። ጉልበት፣ ጅማት፣ ዳሌ፣ ሁሉም ጠፋባት። ስታያቸው የኖረች እግሮች ሁሉ ሕመም ነበራቸው፤ ይኸኛው የተሸከመው ደስታ ነበር፣ ደስታውም ወደ እሷ እየመጣ ነበር። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም።

ከእሷ አንድ መርገጫ ከፍ ብሎ ቆመ።

"መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጥኩ" አላት፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው።

"አይቻለሁ።"

"ሌላስ ምን አየሽ?"

ዘጠኝ ዓመት ያካበተችው ቃል ሁሉ አልበቃ አላት።

"ባሌን" አለችው።

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው፤ አልመለሰችውም።